መመሳሰል ሌላ፣ መዛመድ ሌላ
(ስለ ዕብራይስጥና ስለ አሳምኛ ቋንቋዎች)



በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለ ሁለት ቋንቋዎች፣ ማለት ስለ ዕብራይስጥና ስለ አሳምኛ፣ የተማርሁትን በመጠኑ ለመግለጽ ተነሥቻለሁ። አርእስቱን የሚያይ ሰው «እነዚህን ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም ካለፈው ክረምት በፊት አሳምኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሁለቱን ያገናኛቸው አንድ ግቢ ነው፤ እርሱም በጎንደር ከተማ ያለው የአያታችን ግቢ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነ ባል አግብታ ወደ እስራኤል ከሄደች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ባለፈው ክረምት እዚያ የተወለደውን የ14 ዓመት ልጇን ይዛ አያታችንን ልትጠይቅ መጣች። በዚያው ጊዜ በግቢያችን ካሉት ቤቶች አንዱን የተከራዩ አንድ የሕንድ አገር መምህር ነበሩ። እኚህ ሰው የመጡት ከሕንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ የብራህማፑትራ ወንዝ ከሚያልፍበት ከአሳም ነው። ሻይ የምንጠጣ ሁሉ የአሳምን ስም በሻዩ እንሰማዋለን፤ ስለ ሕዝቡ ቋንቋ የሚያውቅ ግን በመካከላችን ጥቂት ነው።

የአክስቴ ልጅ ከእናቱ አፍ የለቀማት ጥቂት አማርኛ ነበረችው። በመጣ በሁለተኛው ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ወደ አያታችን ዞሮ «አንቺ ስጪኝ ውሃ» አላቸው። በቤታችን አያታችንን «አንቺ» ብሎ የጠራ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ውሃውን ሰጡት፤ ነገር ግን ያን ቀን እስኪመሽ ቃል አልተናገሩም። ማታ ለአክስቴ «ልጅሽ ናቀኝ» ሲሏት ሰማሁ። የሕንዱ መምህር ግን በወጡ በገቡ ቁጥር ቆብዎን አውልቀው «እንደምን አደሩ? እንደምን ዋሉ?» ይሏቸው ስለ ነበር፣ አያታችን «ከሥጋዬ ይልቅ ባዕዱ አከበረኝ» እያሉ አዘኑ።

እኔም በዚህ ነገር ተነሣሥቼ፣ በክረምቱ የተጨማሪ ትምህርት ክፍል ውስጥ «አሳምኛ ከዕብራይስጥ ይልቅ ለአማርኛ የቀረበ ዘመድ ነው» ብዬ ተከራከርሁ። ሦስት ማስረጃም አቀረብሁ። አስተማሪያችን በጸጥታ ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ መመሳሰል ሌላ፣ መዛመድ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ለይተህ ጽፈህ አምጣ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ያን የቤት ሥራ ለመፈጸም የጻፍሁት ነው።

1ኛ/ እኔን ያሳሳቱኝ ሦስት ማስረጃዎች

መጀመሪያው ማስረጃዬ ፊደሉ ነበር። ዕብራይስጥ በ22 ፊደላት ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። ፊደላቱ በጠቅላላው ተነባቢዎች ናቸው፤ አናባቢን የሚያመለክቱት ነጥቦችና ጭረቶች ከብዙ ዘመን በኋላ በጥብርያዶስ በነበሩ ሊቃውንት የተደራጁ ናቸው። ዛሬም ጋዜጣው ያለ ነጥብ ይታተማል፤ አንባቢው የጎደለውን ድምፅ ከዕውቀቱ ይሞላል። አሳምኛ ግን እንደ እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ አናባቢውም ከተነባቢው ጋራ ተጣብቆ ይኖራል። እኛ ከአንዱ ፊደል ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ እንደምናወጣ፣ እነርሱም ቅጥል እየጨመሩ ኮ፣ ካ፣ ኪ፣ ኩ ያወጣሉ። አንድ የሚያስገርም ነገር ቢኖር፣ የአጭሩን «ኢ» ቅጥል ከፊደሉ በስተግራ አስቀድመው ይጽፉታል፤ ሲያነቡት ግን ከፊደሉ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃዬ የዓረፍተ ነገሩ ሥርዓት ነበር። እኛ «ልጁ መጽሐፍ ያነባል» እንላለን፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። ይህንኑ የአክስቴ ልጅ በዕብራይስጥ «ሀየሌድ ኮሬ ሴፌር» አለኝ፤ ቃል በቃል «ልጁ ያነባል መጽሐፍ» ማለት ነው። መምህሩ ደግሞ በአሳምኛ «ሎራቶዌ ኪታፕ ፖርሄ» አሉኝ፤ ቃል በቃል «ልጁ መጽሐፍ ያነባል» ማለት ነው። በዕብራይስጥ «ልጁ» የሚያሰኘው «ሀ» ከስሙ በፊት ሲመጣ፣ በአሳምኛ ግን «ቶ» የሚለው ቅጥል እንደ እኛው ከስሙ በኋላ ይመጣል። ስለዚህም መምህሩ በጥቂት ወራት ውስጥ የአማርኛን ዓረፍተ ነገር ቀጥ አድርገው ሲናገሩ፣ የአክስቴ ልጅ ግን ዘወትር «እኔ እበላለሁ እንጀራ» ይል ነበር።

ሦስተኛው ማስረጃዬ የአክብሮት አነጋገር ነበር። አሳሞች አንድን ሰው ሲያናግሩ ሦስት ደረጃ አላቸው። ለታናሽ ወይም በጣም ለቀረበ ሰው «ቶይ»፣ ለእኩያ «ቱሚ»፣ ለትልቅ ሰው «አፑኒ» ይላሉ። እኛም «አንተ» እና «አንቺ» ከሚሉት በላይ «አንቱ» እና «እርስዎ» የሚሉ ቃላት አሉን። በዛሬው ዕብራይስጥ ግን ወንዱ ሁሉ «አታ»፣ ሴቲቱም ሁሉ «አት» ትባላለች፤ ተማሪው መምህሩን፣ ወታደሩም አዛዡን እንዲሁ ይጠራል። በዚህ ንቀት የለበትም፤ ቋንቋው ሌላ መንገድ አልሰጠውምና።

2ኛ/ እውነተኛው የዝምድና ምልክት

እነዚህ ሦስት ማስረጃዎች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ዝምድናን አያስረዱም። ጽሕፈትን አንድ ሕዝብ ከሌላው ሊቀበል ይችላል። የቃላት አቀማመጥም ከጎረቤት የሚወረስ ነገር ነው። ግዕዝ ብዙ ጊዜ ግሡን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን ግሣቸውን መጨረሻ ላይ ከሚያደርጉት ከኩሽ ቋንቋዎች ጋራ ለብዙ ዘመን አብሮ በመኖሩ ልማዳቸውን እንደ ወሰደ ሊቃውንት ያስረዳሉ። አሳምኛም ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያኖረው እንደ ሕንድ እኅቶቹ እንደ ቤንጋሊና እንደ ሂንዲ ሆኖ ነው። ሁለቱ መንገደኞች ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው አንድ ዓይነት ልብስ ቢለብሱ ወንድማማች አይሆኑም።

ታዲያ ዝምድና በምን ይታወቃል? ዝምድና የሚታወቀው በየቀኑ በምንናገራቸው መሠረታዊ ቃላትና በድምፃቸው ሥርዓት ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋራ በአንድ ደብተር ላይ እኔ በስተግራ አማርኛውን፣ እርሱ በስተቀኝ ዕብራይስጡን ስንጽፍ ዋልን። ዓይን ያልሁትን «ዓዪን»፣ ደም ያልሁትን «ዳም»፣ ቤት ያልሁትን «ባዪት» አለኝ። ስም «ሼም»፣ ራስ «ሮሽ»፣ ሰማይ «ሻማይም»፣ ስድስት «ሼሽ»፣ ሰባት «ሼቫ» ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ ይበሉ፤ በእኛ «ሰ» በሆነበት ቦታ በዕብራይስጥ «ሸ» ይገኛል። ልብን «ሌቭ»፣ አብን «አቭ» ሲል ደግሞ የእኛ «በ» ከአናባቢ ቀጥሎ ሲመጣ በእነርሱ ዘንድ «ቨ» መሆኑን ተረዳሁ። አንድ ቃል በድንገት ሊመሳሰል ይችላል፤ በብዙ ቃላት ላይ አንድ ሥርዓት ሲደጋገም ግን ድንገት አይደለም፤ ዘር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ አያታችንን ያሳዘነው ቃል ነበር። የዕብራይስጡ «አታ» ጥንት «አንታ»፣ «አት» ደግሞ «አንቲ» እንደ ነበረ፣ «ነ» በጊዜ ብዛት እንደ ወደቀ ተማርሁ። በግዕዝም «አንተ» እና «አንቲ» ነው። ስለዚህ ያ ልጅ «አንቺ» ባለ ጊዜ የተናገረው የራሱን «አት» ነው፤ ቃሉ በእርሱም በእኛም ዘንድ አንድ ነበር። የተለየው ቃሉ የተቀመጠበት የክብር ደረጃ ብቻ ነው።

የግሡም አሠራር እንዲሁ ይመሰክራል። በዕብራይስጥ «ላማድ» ተማረ፣ «ሊሜድ» አስተማረ፣ «ታልሚድ» ተማሪ፣ «መላሜድ» መምህር ማለት ነው። ለ፣ መ፣ ደ የሚሉት ሦስቱ ሥሮች ሳይለወጡ በመካከላቸው ያለው አናባቢ ይለዋወጣል። እኛም ከነዚሁ ሥሮች ለመደ፣ ልማድ፣ ልምምድ፣ ለማዳ እንላለን። አሳምኛ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። «አድርግ» የሚለው ሥር «ኮር» ነው፤ «ኮሬ» ያደርጋል፣ «ኮሪሌ» አደረገ፣ «ኮሪም» ወደ ፊት አደርጋለሁ ማለት ነው። ሥሩ ሳይነካ ቅጥሉ ብቻ ከኋላ ይጨመርበታል። ደግሞም በዕብራይስጥና በአማርኛ ግሥ የወንድና የሴት ሲለይ፣ በአሳምኛ ግን እርሱም ቢያደርግ እርሷም ብታደርግ ግሡ ያው «ኮሬ» ነው።

አሳምኛ ዘመዶቹን የሚያገኘው በሌላ ወገን ነው። በ1786 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ጆንስ የተባለው እንግሊዛዊ ዳኛ በካልካታ ባደረገው ንግግር፣ የሕንዱ ሳንስክሪት ከግሪክና ከላቲን ጋራ ከአንድ ምንጭ የወጣ ነው አለ። አሳምኛ ከዚሁ ወገን ነው። ስም በአሳምኛ «ናም» ነው፤ በጣሊያንኛ «ኖሜ»፣ በእንግሊዝኛ «ኔም» ይባላል። ሁለት «ዱይ» ሲሆን ጣሊያኑ «ዱዌ»፣ ዘጠኝ «ኖ» ሲሆን ጣሊያኑ «ኖቬ» ይላል። መምህራችን ጎንደር ተቀምጠው ሳለ ሩቅ ዘመዳቸው በክፍላችን የምንማረው እንግሊዝኛ ነበር።

3ኛ/ እንግዳ ቃላትና አጋጣሚ

«ሎራቶዌ ኪታፕ ፖርሄ» በሚለው ውስጥ «ኪታፕ» የሚለውን ቃል ስሰማ ደንግጬ ነበር። በዕብራይስጥ «ካታቭ» ጻፈ፣ «ሚኽታቭ» ደብዳቤ ነው፤ እኛም «ክታብ» እንላለን። ታዲያ ይህ የሴም ሥር በብራህማፑትራ ዳር ምን ያደርጋል? መልሱ ቀላል ነው። ዐረቦች «ኪታብ» የሚሉትን ፋርሶች ወሰዱት፤ ከፋርስኛ ወደ ሕንድ ቋንቋዎች ገባ፤ አሳሞችም «ኪታፕ» አሉት። እንዲህ ያለው ቃል በቤቱ እንግዳ ነው እንጂ ልጅ አይደለም።

በአንጻሩ ከሕንድ ወገን የተነሣ ቃል ወደ ዕብራይስጥ ገብቷል። የአስቴር መጽሐፍ የንጉሡ ግዛት ከሕንድ እስከ ኩሽ መድረሱን ይናገራል፤ ስለ ቤተ መንግሥቱ መጋረጃዎች ሲያነሣም «ካርፓስ» የሚል ቃል አለበት። ይህ ቃል ከሳንስክሪቱ «ካርፓሳ» በፋርስ በኩል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጥጥ ነው። በአሳምኛ ያው የጥንት ቃል በድምፅ ተለውጦ ዛሬ ጥጥ «ኮፓህ» ይባላል። ጥጥ ሲነግድ ስሙም አብሮ ይነግዳል።

ድንገተኛ መመሳሰልም አለ። አንባቢዎቼ አስተውላችሁ እንደ ሆነ፣ «ኮሬ» በዕብራይስጥ «ያነባል»፣ በአሳምኛ ደግሞ «ያደርጋል» ማለት ነው። በድምፅ በጣም ይቀራረባሉ፤ በሥር ግን ምንም አይገናኙም። እንዲሁም በአሳምኛ ሦስት የተለያዩ የ«ሰ» ፊደላት በቃል መነሻ ላይ ሁሉም «ኸ» ተብለው ይነበባሉ፤ ሰባት «ኻት» ነው፤ ቋንቋቸውንም «ኦኾሚያ» ይሉታል። ይህ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ በዕብራይስጥም አለ፤ ነገር ግን ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ የደረሱበት ነው። ሦስት ፊደል ጽፎ አንድ ድምፅ ማንበብ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ይመስክሩ።

4ኛ/ ሁለቱ ቋንቋዎች ያለፉበት መከራ

ከሰዋስው ወጥቼ ስለ ታሪካቸው ጥቂት ልናገር። ዕብራይስጥ በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ገደማ የዕለት መነጋገሪያ መሆኑ ቀረ፤ በጸሎትና በመጻሕፍት ግን አልጠፋም። በ1881 ዓ.ም. ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳ ወደ ኢየሩሳሌም ገብቶ በቤቱ ከዕብራይስጥ በቀር እንዳይነገር አደረገ፤ በ1882 ዓ.ም. የተወለደው ልጁም አፉን በዕብራይስጥ ፈታ። ለአዲስ ነገር አዲስ ቃል ያስፈልግ ስለ ነበር፣ «ሚላ» ማለት ቃል ከሚለው «ሚሎን» ማለት መዝገበ ቃላት የሚለውን አወጣ። በ1922 ዓ.ም. ዕብራይስጥ ከእንግሊዝኛና ከዐረብኛ ጋራ በፍልስጥኤም የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የዕብራይስጥ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ። ስለዚህ ዕብራይስጥ ከመጽሐፍ ወደ አፍ የተመለሰ ቋንቋ ነው።

አሳምኛ ግን ከሕዝቡ አፍ ጠፍቶ አያውቅም። በ1228 ዓ.ም. ከምሥራቅ መጥተው አገሩን የገዙት አሆሞች የታይ ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ገዢዎቹ የራሳቸውን ትተው አሳምኛ ተናጋሪ ሆኑ፤ የነገሥታቱም ታሪክ በአሳምኛ ተጻፈ። መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1826 ዓ.ም. አገሩ በእንግሊዞች እጅ ገባ፤ በ1836 ዓ.ም. በፍርድ ቤትና በትምህርት ቤት ቤንጋሊ እንዲሠራበት ታዘዘ። የአሳም ልጅ እናቱ ባላስተማረችው ቋንቋ ፊደል ይቆጥር፣ ገበሬውም በማይሰማው ቋንቋ ይፈረድበት ጀመር። በ1846 ዓ.ም. የአሜሪካ ሚሲዮናውያን በሲብሳጋር «ኦሩኖዶይ» የተባለ የአሳምኛ መጽሔት ማተም ጀመሩ፤ አናንዳራም ዴኪያል ፉካን የተባለው የአገሩ ተወላጅም ቋንቋው የቤንጋሊ ቅርንጫፍ አለመሆኑን በጽሑፍ ተሟገተ። በ1873 ዓ.ም. አሳምኛ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ፍርድ ቤት ተመለሰ፤ ይህም ከ37 ዓመት በኋላ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ከ15 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አሳምኛን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አድርገው አስመዝግበዋል።

ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ገጽ መደበቅ አይገባኝም። በ1960 ዓ.ም. አሳምኛ የክፍለ አገሩ መንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ሕግ ሲወጣ፣ በባራክ ሸለቆ የሚኖሩት ቤንጋሊ ተናጋሪዎች ተቃወሙ፤ ግንቦት 19 ቀን 1961 ዓ.ም. በሲልቻር 11 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ቤንጋሊ በዚያ ሸለቆ እንዲሠራበት የተፈቀደው። በእስራኤልም ዕብራይስጥ ሲያድግ፣ ከየአገሩ የመጡት ሰዎች ይዘዋቸው የመጡት ቋንቋዎች ወደ ጓዳ ተገፉ። በ1991 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተወስደዋል፤ ዛሬ እዚያ ከተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በዕብራይስጥ ነው። ከዚህ የተማርሁት፣ ትናንት የተገፋ ቋንቋ ዛሬ ሌላውን ሊገፋ የሚችል መሆኑን ነው። የራስን ቋንቋ መውደድ መልካም ነው፤ የሌላው ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር አለማፈሩ ግን የፍቅራችን መለኪያ ይሁን።

5ኛ/ መደምደሚያ

ጽሑፌን ለአስተማሪያችን ከመስጠቴ በፊት ደብተሩን ለአያታችን አነበብሁላቸው። ዓይን፣ ልብ፣ ደም፣ ስም ብዬ ስጠራ ያ ልጅ በዕብራይስጥ ይመልስ ነበር። አያታችን መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ኋላ ራሳቸው «እስቲ ሰማይን ምን ይለዋል?» ብለው ጠየቁ። «ሻማይም» ሲላቸው ሳቁ። ስለ «አት» እና ስለ «አንቺ» የተማርሁትን ባስረዳኋቸው ጊዜ ጥቂት ቆይተው «እንግዲያስ አልናቀኝም፤ የሚያውቀውን ነው የሰጠኝ» አሉ። ስለ ሕንዱ መምህር ደግሞ «እርሳቸውም ዘመድ ባይሆኑ ጎረቤት ናቸው፤ ጎረቤት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም» ብለው ጨመሩበት።

የአክስቴ ልጅ በሚሄድበት ቀን የአያታችንን ጉልበት ስሞ፣ «አያቴ፣ በሚመጣው ዓመት ተመልሼ እርስዎን አያለሁ» አላቸው። «እርስዎ» የሚለው ቃል በቦታው ነበር፤ ግሡም መጨረሻ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሁለት ሰዎች አነጋገር ቢመሳሰል ዘመድ ናቸው ብለን አንቸኩል፤ ባይመሳሰልም ባዕድ ናቸው ብለን አንፍረድ። ይልቁንም አንድ ሰው በቋንቋችን ተሳስቶ ቅር ቢያሰኘን፣ ስሕተቱ ከልቡ ወይም ከሰዋስዉ መምጣቱን አስቀድመን እንመርምር። ወላጆችም በሩቅ አገር ለሚወለዱ ልጆቻችሁ ቢያንስ ከአያታቸው ጋራ የሚነጋገሩበትን ያህል አማርኛ አስተምሯቸው እያልሁ፣ ጽሑፌን በዚሁ እፈጽማለሁ።